ዳገት ላይ ይለካ

የቮልት መለኪያው፣ መልቲሜትሩ፣ አርባ አንድ ነጥብ አራት ላይ ቆመ።

ራዲዮ ጠጋኙ ቀዩንና ጥቁሩን መርፌ ከባትሪው ጫፍ ሳያነሳ ቀና አለና መጀመሪያ እህቱን፣ ቀጥሎ የእህቱን ልጅ አየ። ሱቁ ውስጥ ሆዳቸው የተከፈተ ራዲዮኖችና ጀርባቸው የወለቀ ቴሌቪዥኖች ተደርድረዋል። እሱ ዝም ሲል እነሱም ለይሉኝታ ብለው ዝም ያሉ ይመስላሉ።

«ስንት አለ?» ጠየቁ እህቱ።

«ሙሉ ነው እትዬ። የዚህ ብስክሌት ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላ አርባ ሁለት ቮልት ነው። ይኸው አርባ አንድ ከምናምን። ጠግቦ ያደረ ነው።»

«ጠግቦ ካደረ ታዲያ ለምን ዳገቱ መሀል ይተኛብኛል?»

«እሱማ እንግዲህ…» አለና የቀረውን ዋጠው።

የዋጠውን ያወጣችው የእህቱ ልጅ ናት። ከፀጉር ቤቷ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ነው የመጣችው፤ ትከሻዋ ላይ የደንበኛ ፀጉር ብናኝ አለ። የብስክሌቱን ቁልፍ በመዳፏ ጨብጣዋለች።

«እማዬ፣ አጎቴ ሊልሽ ያፈረውን እኔ ልበልሽ። ትናንት ይሄን ባትሪ ቻርጅ ላይ የሰካሁት እኔ ራሴ ነኝ። ይኸው ሞልቶ አደረ። ባትሪው ምንም አልሆነም። አንቺ ነሽ መሰካቱን እየረሳሽ ያለሽው።»

እናትየዋ ሻሻቸውን ፈትተው ጠበቅ አድርገው መልሰው አሰሩት።

እኚህን ሴት ሰው የሚያውቃቸው እማማ ጥርሴ በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡላቸው የክሊኒክ ዘበኞች ናቸው። ሥራቸው ጥርስ ማመላለስ ነው። ጥርስ ሐኪሞቹ ከታካሚ አፍ በጄሶ ያነሱትን የድድ ልክ ከየክሊኒኩ ሰብስበው ለጥርስ ሠሪው ይወስዱለታል፤ እሱ ሠርቶ ያበቃውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ደግሞ ስፖንጅ በተነጠፈበት የቆርቆሮ ሣጥን አድርገው መልሰው ያደርሳሉ። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ይህ ሥራ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ብስክሌቱን ከያዙ በኋላማ ሲያልፉ ቀና ብሎ የማያያቸው የለም፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ የሻሻቸው ጫፍ እየተውለበለበ፣ የማያውቁትን ሰው ፈገግታ ከኋላቸው በሣጥን ጭነው።

«ሰው ሳቁን አምኖ የሰጠኝ እኔ ነኝ» ይላሉ ሲቀልዱ።

ሰሞኑን ግን ወደ ላይኛው ክሊኒክ በሚወስደው ዳገት ላይ ሞተሩ ይተዋቸው ጀመር። መጀመሪያ ድምፁ ይቀጥናል፤ ከዚያ ጸጥ። ወርደው ሲገፉ ያረፍዳሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ፎቶ ሊነሱ ሱፍ ለብሰው፣ አፋቸውን በመሀረብ ሸፍነው ክሊኒኩ በር ላይ ሲጠብቋቸው ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። ጥርስ ሠሪው ተናዶ ለልጃቸው ደወለ።

ልጅቷን የሚያስፈራት ነገር ግን ከብስክሌቱ ይበልጣል። በቅርቡ እናቷ ምድጃ ለኩሰው ሳያጠፉ ወጥተው ነበር። አያቷንም እንዲሁ ነው የጀመራቸው፤ መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ ምድጃ፣ በመጨረሻም የገዛ ልጃቸውን «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» እስከ ማለት። ያቺ የተጠየቀችው ልጅ እማማ ጥርሴ ናቸው። ስለዚህ ፍርሃቱ እሳቸውም ቤት አለ። ማንም አያውቅባቸውም እንጂ ጠዋት ጠዋት ሲጸልዩ የልጅ ልጆቻቸውን፣ የዘበኞቹን፣ የሞቱትን ዘመዶቻቸውን ስም በየተራ ይጠራሉ። ከውጭ ለሚሰማ ሰው ጸሎት ብቻ ነው። እሳቸው ግን በፈጣሪ ፊት ራሳቸውን እየፈተኑ ነው። እስካሁን አንድም ስም አልጠፋቸውም።

«ሰክቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሁልጊዜ ሰክቼዋለሁ። የቻርጀሩ ቀይ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ሳላይ ነቅዬው አላውቅም።»

«ምድጃውስ?»

«ምድጃውን ረሳሁ። ረሳሁ ብዬም የነገርኩሽ እኔው ነኝ። የረሳሁትን ረሳሁ እላለሁ፤ ያልረሳሁትን ግን በግድ አታስረሺኝም! አንቺስ ብትሆኚ ትንሹን ልጅሽን ስትጠሪ ስሙ ላይ እስክትደርሺ የቤተሰቡን ስም ሁሉ ታዳርሺ የለም?»

ራዲዮ ጠጋኙ ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው።

«በቀልድ አታምልጪኝ እማዬ። ለጥርስ ሠሪው ነግሬዋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ሌላ ሰው ይይዘዋል። አንቺ እኔ ዘንድ ትሆኛለሽ። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል።»

እማማ ጥርሴ ይህን ገና መስማታቸው ነው።

«ምን ብለሽ ነገርሽው?»

ልጅቷ ቁልፉን ከአንዱ መዳፏ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ቃሉን ነው የምጠይቅሽ። ምን ብለሽ?»

«እናቴ መርሳት ጀምራለች አልኩት» አለች መሬት መሬት እያየች።

እማማ ጥርሴ ከበርጩማው ተነሡ። ወደ ልጃቸው ይሄዳሉ ሲባል ወደ ጠረጴዛው ሄዱና ባትሪውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«አንተ፣» አሉት ወንድማቸውን፣ «ስትለካው ይሄ ምን እያደረገ ነበር?»

«ምን እያደረገ ማለት?»

«ተኝቶ ነዋ! ጠረጴዛ ላይ ጋደም ብሎ፣ ሸክም ሳይኖርበት፣ ጥላ ውስጥ። እንደዚያ ሆኖ ማን ይደክመዋል? እኔንም አልጋዬ ላይ ብትለካኝ አርባ ሁለት ነኝ!»

«መለኪያ አይዋሽም እትዬ።»

«አልዋሸም። የጠየቅከውን መለሰልህ። አንተ የጠየቅከው ተኝተህ እንዴት ነህ ብለህ ነው። ዳገት ላይ አውጣውና ጠይቀው።»

ራዲዮ ጠጋኙ ሥራውን ያወቀው በማዳመጥና በመነካካት ነው፤ ያስተማረው ሰው የለም። ባትሪ ሲመጣለት መርፌውን ያስነካል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ፍርዱን ይሰጣል። በዚህ ልማዱ ብዙ ዘመን ኖሯል፤ አብዛኛውን ጊዜም አላሳፈረውም። ራዲዮ ደግሞ የትም አይወጣም፣ የትም አይወርድም፤ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ያወራል እንጂ። ባትሪው ሰው ጭኖ ዳገት ሲወጣ መለካት ሐሳቡም መጥቶለት አያውቅም።

«እየነዱማ አይለካም» አለ። «ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ መንገድ ላይ ቢነካኩ እሳት ነው።»

«እንዳይነካኩ አድርገህ እሰራቸዋ። እጅ የተሰጠህ ለምንድን ነው?»

«ቁጥሩ ካልወረደስ?» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ውስጥ ክርክር ብቻ ሳይሆን ልመናም ነበረበት።

«ካልወረደ ቁልፉ ያንቺ ነው። ያሻሽ ሐኪም ዘንድ ውሰጂኝ፤ ካንቺ ቀድሜ እገባለሁ። ከወረደ ግን፣ እናቴ መርሳት ጀምራለች ባልሽበት አፍ፣ ለዚያው ሰውዬ፣ እኔ እየሰማሁ ትመልሺዋለሽ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ አጎቷን አየች፤ አጎቷ ጣሪያውን አየ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

ባትሪው የሚገባው ከኮርቻው ኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ሥር ነው። ራዲዮ ጠጋኙ የሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ጫፍ ልጦ፣ ባትሪው ከብስክሌቱ ጋር በሚገናኝበት መዳብ ጎን ሸጎጣቸው። እያንዳንዱን ለየብቻ በፕላስተር ደጋግሞ ጠቀለለ። ሌላውን ጫፋቸውን ከመልቲሜትሩ መርፌዎች ጋር አያያዘ። ሲጨርስ መሣሪያውን ይዞ ሊቆም ሲል እህቱ ከለከሉት።

«እሷ ትያዘው። እሷ ታንብበው። አንተ ካነበብክ ለእህቱ አዳላ ትላለች።»

«መቼ አዳልቼልሽ አውቅና!»

«እኔ የት ልቀመጥ?» አለች ልጅቷ።

«ጥርሶቹ የሚቀመጡበት።»

ለላይኛው ክሊኒክ የሚደርስ ጥርስ የዚያን ቀንም ነበር። ልጅቷ ዕቃ መጫኛው ላይ ወጥታ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አቀፈች፤ መልቲሜትሩን ከሣጥኑ ክዳን ላይ አኖረች። እናቷ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ለአፍታ አንቀሳቀሱና ተነሡ። ራዲዮ ጠጋኙ ሱቁን ቆልፎ፣ ቦርጩን በአንድ እጁ ደግፎ በሩጫ ተከተለ።

ሜዳው ላይ ብስክሌቱ እንደ ልማዱ ዝዝ እያለ ሄደ። ብረት በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አያቸው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «እማማ ጥርሴ፣ ዛሬ ደግሞ ሙሉ ሰው ነው እንዴ የሚያደርሱት?» ብላ ጮኸች።

«አዎ! ልክ ካልሆነቻቸው እመልሳታለሁ!»

«አርባ ነው እማዬ!» አለች ልጅቷ ከኋላ። «አርባ! ምንም አልሆነም!»

«ገና ነው። ዝም ብለሽ አንብቢ።»

ዳገቱ የሚጀምረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ነው። መጀመሪያው ላይ ሰው ዳገት መሆኑን አያውቅም፤ የሚያውቀው ውሃ ብቻ ነው። አጥሩን ጨርሶ ሲታጠፍ ግን መንገዱ ፊት ለፊት ይነሳል። ሞተሩ ጮኸ።

«ሠላሳ ሰባት» አለች ልጅቷ። ትንሽ ቆይታ «ሠላሳ አምስት» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ጠፋ።

«አልሰማሁም!»

«ሠላሳ ሦስት።»

«ጮክ በይ! ለደንበኞችሽ ወሬ ስታወሪ እኮ እስከ እኔ ቤት ነው የሚሰማው!»

«ሠላሳ አንድ… ሠላሳ…»

የሞተሩ ድምፅ ቀጠነ፤ ጸጥ አለ። እማማ ጥርሴ ፍሬን ይዘው በአንድ እግራቸው ቆሙ።

ልጅቷ ዓይኗን ከመልቲሜትሩ አላነሳችም። ቁጥሩ ብቻውን መውጣት ጀምሯል። ሠላሳ ስድስት። ሠላሳ ዘጠኝ። ወደ አርባ ሊጠጋ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ጥፋት እንዳልሠራ ሰው።

«ኧረ ይሄ ሌባ!» አለች።

«ምን ሆነ?»

«ተመለሰ! ሲያርፍ ጊዜ ተመለሰ።»

«እኔ ገፍቼው እናንተ ዘንድ ስደርስ ንጹሕ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው። እሱ ሙሉ፣ እኔ ጎዶሎ።»

ልጅቷ የእናቷ ልጅ ናት፤ በቀላሉ አትረታም። ሣጥኑን እንዳቀፈች ትንሽ አሰበችና «እኔ ከብጄው ይሆናል እኮ» አለች። «ሁለት ሰው ጭኖ ይህን ዳገት…»

«ውረጂ!»

«እማዬ እንዲያው ነው ያልኩት…»

«ውረጂ ነው የምልሽ! ከሥር እንጀምራለን። የቀረ ነገር እንዲኖርሽ አልፈልግም፤ በኋላ ሌሊት እያሰብሽ እንዳትነሺብኝ።»

ብስክሌቱን አዙረው ሲወርዱ ራዲዮ ጠጋኙ ላብ በላብ ሆኖ አጥሩ ጥግ ላይ ተገናኛቸው። «ኧረ የት ነው? ገና መድረሴ እኮ ነው!»

«እዚያው ቁም። እንመጣለን» አሉት።

በሁለተኛው ሙከራ ሣጥኑ ብቻ ከኋላ ተጫነ። እማማ ጥርሴ ብቻቸውን ነዱ፤ ልጅቷ መልቲሜትሩን ይዛ፣ ሽቦው እንዳይወጠር ክንዷን ዘርግታ፣ በፀጉር ቤት ነጠላ ጫማዋ ጎን ለጎን ሮጠች። አሁን ቁጥሩን ሳትጠየቅ ነው የምትናገረው፤ በእያንዳንዱ እስትንፋስ መሀል ትተፋዋለች። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ አምስት። ሠላሳ ሁለት። ቀድሞ ከቆመበት ቦታ ጥቂት አለፍ ብሎ ሠላሳ ላይ ሞተሩ እንደገና ጸጥ አለ። እንደገናም ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ።

ራዲዮ ጠጋኙ ደርሶ መልቲሜትሩን ተቀበላትና አገላበጠው፤ ሽቦዎቹንም አንድ በአንድ ነካክቶ ከመሣሪያው ነቀላቸውና ጫፋቸውን ለየብቻ በፕላስተር ጠቀለለ። ከዚያ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከውስጡ ካሉት ትናንሽ ባትሪዎች፣ ከሴሎቹ አንዱ ደክሟል» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ቁጭ ባለበት አይታወቅበትም፤ ከጓደኞቹ ጋር ተደባልቆ ሙሉ ይመስላል። ሸክም ሲመጣ ግን ይወድቃል፣ ሁሉንም ይዞ። ደህና ባትሪም ዳገት ላይ ትንሽ ይወርዳል፤ እንዲህ ግን አይዘጭም።» ግንባሩን ጠረገ። «እኔ ተኝቶ ለክቼ ፈረድኩብሽ። አጥፍቻለሁ እትዬ።»

«አንተን ሌላ ቀን እቆጣሃለሁ። ዛሬ ተራ አልደረሰህም።»

ልጅቷ መንገዱ መሀል ቆማለች። ጉንጯ ላይ የሚወርደው ላብ ይሁን ሌላ ነገር አይለይም። «ይቅር በይኝ እማዬ» አለች።

«ይቅር እልሻለሁ። አሁን ግን ግፊ። ሰው ድዱን ይዞ ይጠብቀናል።»

እማማ ጥርሴ መሪውን ይዘው፣ ልጃቸው ከኋላ ዕቃ መጫኛውን እየገፋች፣ ቀሪውን ዳገት ተያያዙት። ባትሪና ሞተር ያለበት ብስክሌት ከሌላው ብስክሌት ይከብዳል፤ ልጅቷ ይህን በክንዷ ያወቀችው ያኔ ነው። እናቷ ይህን ብረት ብቻቸውን ሲገፉት እንደ ከረሙ አሰበችና ይበልጥ ገፋች።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ እማማ ጥርሴ ዞር ሳይሉ ተናገሩ። «ስሚኝ። ነገ ሌላ ነገር እረሳ ይሆናል። የእናቴም ዕጣ ይደርሰኝ ይሆናል፤ እሱን የሚያውቀው አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው። የመጣ ቀን እኔ ሳላየው አይመጣም፤ አይቼው የማውቀው ነገር ነው። ያን ቀን እኔው እነግርሻለሁ፤ እጄን ይዘሽ ትወስጂኛለሽ። እስከዚያ ግን ስለ እኔ የምትጠይቂው እኔን ነው። መቃብሬን ሳልሞት አትቆፍሪልኝ።»

«እሺ።»

«ጮክ በይ።»

«እሺ አልኩ እማዬ!»

የላይኛው ክሊኒክ ዘበኛ ከሩቅ ሲያያቸው በሩን ከፈተ። የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች አየና «እማማ ጥርሴ፣ ይሄ ሁሉ ሽቦ ምንድን ነው? ግሉኮስ ተሰክቶለት ነው የመጣው?» አላቸው።

«አዎ፣ የታመመው እሱ ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ለሚጠይቅህ ሁሉ ንገርልኝ» አሉና ሣጥኑን ይዘው ገቡ።

ሲመለሱ ሣጥናቸው ባዶ ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ስልኳን ይዛ ትጠብቃለች። «ቤት ስንደርስ ተረጋግቼ ብደውልስ?» አለች።

«እዚሁ።»

ዘበኛው ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ጥበቃ ቤቱ ገባ፤ ግን መስኮቱን አልዘጋውም።

«ሃሎ… እኔ ነኝ፣ የእማማ ጥርሴ ልጅ። ያኔ ስለ እናቴ የነገርኩህ ነገር… ልክ አልነበረም። አዎ። አይ፣ አልረሳችም። ሁልጊዜ ሰክታዋለች። ባትሪው ነው የተበላሸው፤ ራሴ ለክቼ አየሁት። አዎ፣ እኔ። ያላመንኳት እኔ ነኝ።» ጥቂት አዳመጠችና እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች። «ሌላውን ሰው ነግሬዋለሁ እኮ ይላል። ደግሞ ባትሪው ከተበላሸ እስኪሠራ ድረስ ይረፉ ይላል።»

እማማ ጥርሴ ስልኩን ተቀበሏት።

«ጤና ይስጥልኝ። ለነገርከው ሰው፣ እንደነገርከው አድርገህ መልሰህ ንገረው። ልጄ ይኸው እያፈረች መልሳዋለች፤ አንተንም አይከብድህም። ሰኞ በር ስትከፍት እኔን ነው የምታገኘው።» አዳመጡ። «ዳገቱን ያየሁት ዛሬ ነው እንዴ? ያለ ባትሪ ቀልሎኝ እገፋዋለሁ። ከቤት ቀደም ብዬ እወጣለሁ፤ አንተም ጥርሶቹን ቀደም ብለህ ጨርስ። አዎ። ለሁላችንም ይሻላል።»

ስልኩን ለልጃቸው መለሱና ቁልፉን በባትሪው መቆለፊያ ውስጥ አስገብተው አዞሩት። ባትሪው ከነሽቦው ወጣ። ወንድማቸው ገና እያለከለከ መድረሱ ነበር፤ እቅፉ ላይ አኖሩለት።

«ይሄን ውሰድና አሳርፈው። ደክሞታል።»

የብስክሌቱን የኋላ ጫፍ በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ክብደቱን ሞከሩት። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጡ፤ በዕለቱ ገና ያልደረሱባቸው ሁለት ክሊኒኮች የድድ ልካቸውን አዘጋጅተው ይጠብቋቸው ነበር።